ጠገራ ብር የት ተመታ? የአምራች ምልክቶች ንባብና የባሌ ደጋ የቤተሰብ ቅርሶች

(በሮቤ ለታሪክና ለቅርስ ጥናት ተማሪዎችና መምህራን የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በአንድ መዳፍ ውስጥ የሚያዝ ነው። ይኸውም አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ እያሉ ሲገበያዩበት፣ ሲገብሩበትና ሲያጌጡበት የኖሩት ክብ ብር ነው። ከሮቤና ከጎባ ጀምሮ እስከ ጊኒር ቆላ ድረስ ዛሬም በእናቶች ሣጥን ተቋጥሮ፣ ወይም በአንገት ጌጥ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። አንዳንዱም በየጊዜው ለአንጥረኛና ለነጋዴ በሚዛን እየተሸጠ ይቀልጣል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ብር በእጃችን ስንይዝ የት፣ በማንና መቼ እንደተመታ በምን እናውቃለን? በብሩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ተጽፏል። ሁለት የላቲን ፊደላትም አሉበት። ጥያቄው ከመጠየቁ በፊት የተመለሰ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ተማሪ ይህን ዓመት እንዳለ ወስዶ በመዝገቡ ላይ ቢያሰፍር፣ ማስረጃውን ከ150 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ የተመሠረተ የንግድ ታሪክም ሆነ የአንድ ቤተሰብ የትውልድ ታሪክ መሠረቱ የተናጋ ይሆናል። የአምራች ምልክት ንባብ የሰብሳቢዎች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአምራች ምልክት ምን ይነግረናል?

ወደ ብሩ ከመግባቴ በፊት ከሌላ ሙያ አንድ ንጽጽር ላምጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ አገር ባካራ፣ ሳን ሉዊና ክሊሺ የተባሉ የመስታወት ፋብሪካዎች በጠረጴዛ ላይ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስደው የሚጭኑ፣ በውስጣቸው በሺህ የሚቆጠሩ አበቦችን የሚመስሉ ባለቀለም የመስታወት ቁርጥራጮች የተደረደሩባቸው ድቡልቡል መስታወቶችን ይሠሩ ነበር። ባካራ በአንዳንዶቹ ውስጥ ቢ የሚለውን ፊደል ከ1846 እስከ 1849 ካሉት ዓመታት ከአንዱ ጋር፣ ሳን ሉዊ ደግሞ ኤስ እና ኤል የሚሉትን ፊደላት አስገብተዋል። አብዛኞቹ ግን ምንም ፊደል የላቸውም። ከዚያ በኋላ ዋጋቸው እየናረ ሲሄድ ፊደሉንና ዓመቱን አስመስለው የሚያስገቡ ሌሎች ሠሪዎች ተነሡ።

ስለዚህ ጥንቁቅ ሰብሳቢ ፊደሉን ካየ በኋላ መስታወቱን ይገለብጠዋል። የታችኛው ገጽ እንዴት እንደተሞረደ፣ ጉልላቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ የአበባው ቁርጥራጭ በስንት ጥርስ እንደተቀረጸ፣ መስታወቱ ከመጠኑ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ ይመረምራል። ፊደልን መቅዳት ይቀላል፤ የአንድን የሥራ ቤት የእጅ ልማድ መቅዳት ግን ይከብዳል። በጠገራ ብር ላይም የምንከተለው ሕግ ይኸው ነው፤ ሆን ተብሎ የተቀመጠው ምልክት መነሻ ይሆናል፣ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ሠሪው ሳያስበው የተወው አሻራ ነው።

በብሩ ላይ የተጻፈው

አሁን ብሩን እንመልከት። መደበኛ ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ስለሆነ በአንዱ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይገኛል።

በአንደኛው ገጽ የኦስትሪያ ገዢ፣ የሃንጋሪና የቦሄሚያ ንግሥት የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ወደ ቀኝ ዞራ ትታያለች። በራሷ ላይ የመበለት ሻሽ አለ፤ ባሏ ቀዳማዊ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1765 ከሞተ ወዲህ በሐዘን ልብስ ትቀረጽ ነበርና። በሻሹ ላይ በዕንቁ የተደረደረ የራስ ጌጥ፣ በትከሻዋ ላይ ደግሞ ልብሷን የሚያያይዝ ሞላላ ጌጥ ይታያል። ከምስሏ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀምጠዋል።

በሌላው ገጽ ባለሁለት ራስ ንስር አለ። በደረቱ ላይ ያለው ጋሻ በአራት ክፍል የሃንጋሪን፣ የቦሄሚያን፣ የቡርገንዲንና የቡርጋውን አርማ፣ በመካከሉም የኦስትሪያን አርማ ይዟል። በዙሪያው ያለው ጽሑፍ በ1780 ዓመትና በኤክስ ቅርጽ ምልክት ይጠናቀቃል። ይህ ምልክት ቁጥር አይደለም፤ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል የሚባለው ሲሆን ከ1750 ወዲህ የተደነገገውን የብር መጠን ያመለክታል። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ የንግሥቲቱ መሪ ቃል፣ ትርጉሙ «በፍትሕና በምሕረት» የሆነ የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ጎላ ብሎ ወጥቷል። የጠርዙ ጽሑፍ ለውበት ብቻ አልገባም። ከብሩ ዳር እየላገ ጥቂት ብር የሚሰርቅ ሰው ጽሑፉን ሳያጠፋ ሊልግ አይችልም።

ሁለቱ ፊደላት የማን ናቸው? በዛሬዋ ጀርመን በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው፣ በዚያን ጊዜ የቡርጋው ግዛት በነበረችው ጉንትስቡርግ ከተማ የሳንቲም መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የቶቢያስ ሾብልና የዮሴፍ ፋቢ የስም መጀመሪያዎች ናቸው። ኤስ ለሾብል፣ ኤፍ ለፋቢ ማለት ነው። በዘመኑ ሥርዓት እንዲህ ያለ ፊደል ኃላፊነትን የሚያስከትል ፊርማ ነበር፤ ብሩ ቢጎድል ወይም ቢቀል ተጠያቂው ማን እንደሆነ ያሳያል።

ፊርማው ንድፍ ሲሆን

ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1780 አረፈች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ምስሏ ከገንዘቡ ላይ ተነሥቶ የልጇ ምስል ይተካ ነበር። ይሁንና ይህ ብር በምሥራቅ ሜዲትራኒያን፣ በዓረብ አገርና በቀይ ባሕር ዳርቻ ገበያ እጅግ ተለምዶ ስለነበር ነጋዴዎች ያንኑ መልክ ፈለጉ። በመሆኑም ዓመቱም፣ ምስሉም፣ ሁለቱ ፊደላትም ባሉበት ቆሙ። የጉንትስቡርግ መምቻ ቤት እ.ኤ.አ. በ1805 ሥራውን አቆመ፤ ፊደላቱ ግን አልቆሙም። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ የሾብልንና የፋቢን ፊርማ እየጻፉ ቀጠሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የምልክቱ ባሕርይ ተለወጠ። በጉንትስቡርግ ፊርማ የነበረው በቪየና የንድፉ አካል ሆነ። እንደ ንስሩ ክንፍና እንደ ንግሥቲቱ ሻሽ ሳይጎድል መቀዳት ያለበት ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ ዋናው ምክንያት ተቀባዩ ሕዝብ ነበር። በኢትዮጵያ ገበያ ብር ተቀባዩ የትከሻውን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥራል፤ በመደበኛው መልክ 9 ናቸው። የፊደላቱን መጉላት ያያል፤ ያረጀውንና የደበዘዘውን ይመልሳል። በሌላ አነጋገር የዕንቁው ቁጥርና የፊደሉ ጥራት ጉዳይ በቪየና ብቻ የሚወሰን አልነበረም፤ የእኛም ገበያ ድምፅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1867 እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሊዘምቱ ሲሰናዱ ለስንቅና ለጋማ ከብት የሚከፍሉት በዚሁ ብር ብቻ እንደሚሆን ስለተረዱ በቪየና እንዲመታላቸው ማዘዛቸው የዚህ ምስክር ነው።

ነገሩ እጅግ የተወሳሰበው ግን በ1930ዎቹ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር በምትዘጋጅበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ከኦስትሪያ ጋር ተዋውላ ይህን ብር የመምታት መብት ለ25 ዓመት ወሰደች፤ የመምቻ ማኅተሞችም ከቪየና ወደ ሮም ተዛወሩ። መምቻ ማኅተም ስል ምስሉ በተገላቢጦሽ የተቀረጸበትን፣ በብር ዝርግ ላይ ተጭኖ ምስሉን የሚያወጣውን የብረት ቅርጽ ማለቴ ነው። ሮም እስከ 1939 ድረስ 19 ሚሊዮን ያህል ጠገራ መታች። ወራሪው ሊሬውን በሕዝቡ ላይ ለመጫን ቢሞክርም ገበያው ጠገራ መጠየቁን አላቆመም ነበርና።

በቀይ ባሕርና በኤደን ንግድ ጥቅም የነበራቸው ሌሎች አገሮችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ የየራሳቸውን መምቻ ማኅተም አስቀርጸው መምታት ጀመሩ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት ሲካሄድ፣ ቦምቤይ ታከለች፤ ቆይቶም በርሚንግሃም ተከተለች። የኢጣሊያ ውል ዘመን ሲያበቃ ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1961 መብቷን መልሳ ይዛ እስከ ዛሬ ለሰብሳቢዎች ትመታለች። በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደተመታ ይገመታል። ሁሉም 1780 ይላሉ፤ በገበያችን ተቀባይነት ያገኘው መልክም የሾብልና የፋቢ ፊደላት ያሉበት ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ?

ማኅተም በእጅ ይቀረጻል ወይም በእጅ ከተቀረጸ እናት ቅርጽ ይወለዳል። ሲሰበርና ሲያረጅ ይተካል። ቀራጩ ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ከቀደመው ጋር አንድ የሆነ ሁለተኛ ቅርጽ አያወጣም። ስለዚህ ከአንድ እናት ቅርጽ የተወለዱ ብሮች አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ፤ ቤተሰቦቹም ከመምቻ ቤቶች የሥራ መዝገብ ጋር ተነጻጽረው ቦታና ዘመን ይሰጣቸዋል። የመስኩ ተመራማሪዎች የመደቡት በዚህ መንገድ ነው። እኔም በሥራዬ የምከተለውን ቅደም ተከተል እነሆ።

አንደኛ፣ ብሩ አይታጠብም፣ አይወለወልም። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ብር የሚለይባቸውን ረቂቅ መስመሮች ያጣል። በጥርሱና በጆሮው መካከል የተጠራቀመው ጥቁረት ራሱ የአጠቃቀሙ ታሪክ ነው።

ሁለተኛ፣ ይመዘናል። ከዝውውር ብዛት ያለቀ ብር ጥቂት ሊጎድል ይችላል፤ አንድ ወይም ሁለት ግራም የሚጎድል ከሆነ ግን ምክንያቱ ይፈለግ። ከዚያ በቀላል መንገድ የእፍጋት ፍተሻ ይደረጋል። ውኃ የያዘ ብርጭቆ በስስ ሚዛን ላይ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ብሩ በክር ታስሮ የብርጭቆውን ግርጌም ሆነ ግድግዳ ሳይነካ በውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ትክክለኛ ጠገራ ሚዛኑን ወደ 2.75 ግራም ያነሣዋል፤ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል እፍጋቱ 10.2 ገደማ ይሆናል። ቆርቆሮ ወይም ነሐስ የበዛበት ቅጂ ከዚህ በግልጽ ያንሳል። ጆሮ የተበየደበት ጌጥ ሲሆን ግን የብየዳው ብረት ውጤቱን ስለሚያዛባው ይህ ፍተሻ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ጠርዙ ይታያል። በመምቻ የተመታ ብር የጠርዝ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። በአፈር ወይም በአሸዋ ቅርጽ ፈስሶ የወጣ ቅጂ ግን ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ የሁለቱ ግማሽ ቅርጾች መገጣጠሚያም በጠርዙ ዙሪያ መስመር ይተዋል፤ ወይም መስመሩን ለማጥፋት የተደረገ የሞረድ ምልክት ይታያል። ይህ የሐሰተኛ ቅጂና የእውነተኛ ምት መለያ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ደረጃ ከእውነተኞቹ መካከል የትኛው የትኛው ነው የሚለውን ይመለከታል።

አራተኛ፣ በአጉሊ መነጽር የንግሥቲቱ ገጽ ይመረመራል። የትከሻው ጌጥ ዕንቁዎች ስንት ናቸው? ክብ ናቸው ወይስ ሞላላ? ይነካካሉ ወይስ ይራራቃሉ? የራስ ጌጡ ዕንቁዎች ቁጥርና መጠን ምን ይመስላል? በሁለቱ ፊደላት መካከልና በኋላ ያሉት ነጥቦች የት ላይ ወድቀዋል? እነዚህ ከማኅተም ቤተሰብ ወደ ማኅተም ቤተሰብ ይለያያሉ።

አምስተኛ፣ የንስሩ ገጽ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የጅራቱን ላባዎች ነው፤ ቁጥራቸው፣ መካከለኛው ላባ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው አቀማመጥ፣ የጫፋቸው ቅርጽ። ሰው ሲቀዳ ትኩረቱን በፊትና በፊደል ላይ ያደርጋል፤ ወደ ጅራት ሲደርስ ወደ ራሱ የእጅ ልማድ ይመለሳል። ቀጥሎ የክንፎቹ ላባ፣ የኤክስ ምልክቱ ቅርጽና ከእርሱ በኋላ ያለው ነጥብ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የለንደንና የብራስልስ ዓይነቶቹ በሌላ እጅ የተቀረጹ ስለሆኑ ልዩነታቸው ለሠለጠነ ዓይን ይታያል። ሮም ግን የቪየናን ቅርጽ ወርሳ ስለመታች ከቪየና ምት ጋር እጅግ ትቀራረባለች። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚያስፈልገን ልዩነት ከሁሉ የሚከብደው ልዩነት መሆኑ የመስኩ ፈተና ነው። ስለሆነም በአንድ ምልክት ብቻ «ይህ የሮም ነው» ብሎ መፈረም አይገባም፤ ቢያንስ ሦስት ነጥቦች መስማማት አለባቸው። ፎቶግራፉም ብርሃን ከጎን እየመጣ፣ ከሁለቱም ገጽና ከጠርዙ መነሣት ይኖርበታል።

በቤተ ሙከራ ደግሞ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ የብረቱን ይዘት ሳይጎዱ መለካት ይቻላል። በጥንቱ መንገድ የተጣራ ብር ጥቂት ወርቅና እርሳስ በውስጡ ይቀራል፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በኤሌክትሪክ የተጣራ ብር ግን ከእነዚህ የጸዳ ነው። መሣሪያው የሚያነበው የላይኛውን ስስ ሽፋን መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም፤ መዳቡ በላብና በዕድሜ ከላይ እየታጠበ ብሩ ከእውነተኛው በላይ ንጹሕ መስሎ ሊነበብ ይችላል።

የእኛው ገንዘብም ይህንኑ ያስተምራል

የቆመ ዓመትና የውጭ አምራች የማሪያ ቴሬዛ ብር ብቻ ጠባይ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ያስመቱት ብር በፓሪስ የተሠራ ሲሆን፣ ጽሑፉና የዓመቱ አኃዝ በግዕዝ ሆኖ ሳለ ኤ የምትለውን የፓሪስ መምቻ ቤት ፊደል ይዟል። የአንበሳው ግራ እግር ነው የተነሣው ወይስ ቀኙ የሚለው ጥያቄም የተለያዩ ምቶችን ለመለየት ይረዳል። ይህ ብር በዋጋ ከጠገራው ጋር እኩል ቢደረግም ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም።

ከነፃነት በኋላ የወጡትን ሳንቲሞችም ተመልከቱ። 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈባቸው፣ የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ሳንቲሞች በመጀመሪያ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ተመቱ፤ ከዚያም ዓመታቸው ሳይለወጥ ለአሠርት ዓመታት ደጋግመው ተመቱ። የ25 ሳንቲሙ ታሪክም ስለ ጠርዝ ያነሣሁትን ያጠናክራል። ክብ የነበረውን የመዳብ ሳንቲም አንዳንዶች ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ስም ስላሳለፉት ጠርዙ ሞገድ መሰል ተደርጎ እንዲወጣ ሆነ። መንግሥት ለማታለል የሚያስቸግር ምልክት ሲፈልግ ከፊደል ይልቅ ቅርጽን መረጠ።

ብሩ በባሌ ደጋ

እስካሁን ያልሁት ሁሉ በዚህ ደጋ ለሚሠራ ተመራማሪ ምን ይጠቅመዋል? ባሌ በሰሜን በአርሲ በኩል ከሸዋ፣ በደቡብ ምሥራቅ በገናሌ ሸለቆና በሉግ በኩል ከሶማሌ ጠረፍ ገበያዎች ጋር የተያያዘ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገሩ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባና ጎባ የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማዕከል ከሆነች በኋላ የግብርና የደመወዝ ገንዘብ ታከለበት። ብሩ በገበያ ከብት ይገዛል፤ በቤት ውስጥ የጋብቻ ገበራ ይሟላበታል፤ በአንጥረኛው፣ በኦሮምኛ ቱምቱ በሚባለው ባለሙያ እጅ ደግሞ ወደ ጌጥ ይለወጣል።

አንድ ምሳሌ እናስብ። አንዲት እናት ባለ ሰባት ጠገራ የአንገት ጌጥ አላቸው። «ከአያቴ እናት የወረስሁት ነው፤ ከምኒልክ ጦር መምጣት በፊት የነበረ ነው» ይላሉ። መርምረን ከሰባቱ ስድስቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የቪየና ምት ጋር ይስማማሉ፤ ሰባተኛው የሮም ሆኖ ይገኛል። ምን እንበል?

የመጀመሪያው ሕግ ብር የሚነግረን የታችኛውን ወሰን ብቻ ነው የሚለው ነው። የሮሙ ብር ከ1935 በፊት ባሌ ሊገባ አይችልም። ከዚያ በኋላ በየትኛው ዓመት እንደገባ ግን ብሩ ራሱ አይነግረንም። በ1927 ዓ.ም. መገባደጃና ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሥራ ላይ በዋለበት ቀን መካከል በገንዘብነት ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከዚያ በኋላ ለጌጥ ተገዝቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሕግ፣ ጌጥ እንደ ተቀበረ ማሰሮ ብር አይደለም። በአንድ ጊዜ ተቀብሮ የተገኘ ብር የሚቀበርበትን ዘመን የሚወስነው ከመካከሉ አዲሱ ነው። ጌጥ ግን ይፈታል፣ ይጨመርበታል፣ ይቀነስለታል። ስለዚህ የጆሮዎቹን ብየዳ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ስድስቱ በአንድ እጅ ተበይደው ሰባተኛው በሌላ ከሆነ፣ የጌጡ ታሪክ ሁለት ምዕራፍ አለው።

ሦስተኛው ሕግ ከሁሉ ይበልጥብኛል። የእናታችንን ቃል ሐሰት ነው ብሎ ለመደምደም አንቸኩል። በግብር ወይም በድርቅ ዘመን አንድ ጠገራ ተፈትቶ ተሽጦ፣ ደኅና ዓመት ሲመጣ ሌላ ተገዝቶ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ሰባተኛው ብር የቃል ታሪኩን አያፈርስም፤ ቤተሰቡ መቼና ለምን እንደተቸገረ እንድንጠይቅ ይመራናል። ትክክለኛው ቀጣይ ጥያቄ «እርግጠኛ ነዎት?» ሳይሆን «ከጌጡ ላይ ብር የተፈታበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው አለ?» የሚለው ነው።

ብሩ ሲቀልጥ የሚጠፋውም ይኸው ጥያቄ ነው። አንጥረኛው ከ28 ግራም ብር ቀለበት ያወጣል፤ የዕንቁውንና የጅራቱን ምስክርነት ግን ማንም መልሶ አያወጣውም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ጥሪ መጠነኛ ነው። ብሩን ከባለቤቱ መውሰድ አያስፈልግም፤ በቤቱ፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ መዝኖና ፎቶግራፍ አንሥቶ ቃሉን ከብሩ ጋር መመዝገብ ይበቃል። የባለቤቱ ማንነት በአደባባይ አይውጣ፤ ጌጡ ለሌባ እንዲጋለጥ ምክንያት አንሁን። ወደ ውጭ አገር የሚወጣ ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚገዛ መሆኑንም ለባለቤቶቹ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ገለጻዬን በዚሁ ልፈጽምና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አንድ ቤተሰብ ብሩን ለመሸጥ ቢገደድ ዋጋውን በምን ይወቅ?

መልስ፦ ከዝቅተኛው ይጀመር። 23.4 ግራም ንጹሕ ብር በዕለቱ የብር ዋጋ ሲባዛ ከዚያ በታች መሸጥ እንደማይገባ ያሳያል። ከዚያ በላይ ያለው በምቱ ብርቅነትና በአያያዙ ይወሰናል። የጉንትስቡርግ ምት ከኋለኞቹ የቪየና ምቶች እጅግ ያነሰ ስለሆነ ይፈለጋል። ዓመቱን ብቻ አሳይቶ «የ240 ዓመት ብር ነው» የሚል ሻጭም፣ «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ በሚዛን የሚሰበስብ ገዢም አያሳምናችሁ። የተፈተገና የተበሳ ብር ለሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል፤ ለታሪክ ግን ቀዳዳውም ሰነድ ነው።

ጥያቄ፦ የሮም ምት ወራሪው አገራችንን ለመግዛት ያስመታው ነው። እንዲህ ያለውን ብር ከቅርስ መካከል ማኖር ይገባናልን?

መልስ፦ በእኔ እምነት ይገባናል። ወራሪው የራሱን ገንዘብ ማስቀበል ተስኖት፣ የሞተችን ንግሥት ምስልና የሁለት ሹማምንት ፊርማ አስቀድቶ ሚሊዮኖችን ለመምታት የተገደደው የኢትዮጵያ ገበሬና ነጋዴ ዕንቁ ቆጥሮ ስለሚቀበል ነው። ያንን ብር ከሌሎቹ ለይተን ማወቃችን የሕዝቡን ጽናት በቁጥር ለማሳየት ያስችለናል። ካልለየነው ግን ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ የ1780 ብር ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ወራሪውም፣ ወራሪውን ያስገደደውም ገበያ ከመዝገባችን ይጠፋሉ።